ስፓይደርና ዲኤክስ በአንድ ግቢ

"የድሮ መኪና ልገዛ ነው፤ ስፖርት መኪና ይሻለኛል ወይስ ዲኤክስ?" የሚል ሰው በየጊዜው ይደውልልኛል። እኔን የሚጠይቁኝ ሁለቱም ግቢዬ ውስጥ ስላሉ ነው። አንደኛው ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ነው፤ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው ሸራ። የአጎቴ ነው። ዓይኑ ስለደከመ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ እንጂ ሊብሬው ዛሬም በእሱ ስም ነው። አሁንም እየደወለ "አሞቅከው ወይ?" ይለኛል። ሁለተኛው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ እሱ የራሴ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ጤፉን ወፍጮ ቤት የሚያመላልሰው እሱ ነው።

መልሴን ልንገራችሁ። የሚኖራችሁ አንድ መኪና ብቻ ከሆነ ዲኤክስ ግዙ። ምክንያቴ ግን ብዙ ሰው የሚገምተው አይደለም። ሰው የድሮ ስፖርት መኪና የሚፈራው ሞተሩን ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ሞተር እዚሁ ባሕር ዳር ይሠራል። የማይሠራው መስታወቱ፣ የበር ላስቲኩ፣ መብራቱ፣ ክሮሙ ነው። መኪናውን አቁሞ የሚያስቀምጠው ይሄ ኮተት ነው።

መጀመሪያ መኪኖቹን ላስተዋውቅ። የመኪና ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስፓይደሩ የ1968 ሞዴል ነው። ፊያት ይህን መኪና መጀመሪያ ያሳየው በ1966 ቱሪን ላይ ነው። ቅርጹን የነደፈው ፒኒንፋሪና ቤት ይሠራ የነበረው ቶም ጃርዳ ነው። ሞተሩን የሠራው ቀድሞ የፌራሪ መሐንዲስ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። 1,438 ሲሲ፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ 90 የፈረስ ጉልበት። ማርሹ አምስት ነው። አራቱም እግር ላይ የዲስክ ፍሬን አለው፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ዲኤክስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ለማወዳደር ያህል። ይህ ኮሮላ መመረት የጀመረው በ1979 ነው። ሞተሩ 4ኬ ይባላል፤ 1,290 ሲሲ፣ ጉልበቱ 60 አካባቢ። ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር። ሁለቱም በኋላ እግር ይነዳሉ፣ ሁለቱም ካርቡሬተር ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ቶን አይሞሉም። ከሥር ገብታችሁ ብታዩአቸው የሚለያዩት ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

በወረቀት ላይ ያለው ጉልበት ደግሞ እዚህ አይሠራም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ወደብ አካባቢ ካለው በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። የስፓይደሩ 90 ወደ 75 ይጠጋል፣ የዲኤክሱ 60 ወደ 50። ወደ ደብረ ታቦር ከወጣችሁ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል።

ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደለመደው ያፈሳል። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ጠዋት ሲነሣ ያስላል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር ነው፤ ጂግለር ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን ነው። የስፓይደሩ ካርቡሬተር ዌበር ነው። ዌበር ጂግለሩ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ 120 ካለ ቀዳዳው 1.20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ቁጥሩን አንብባችሁ ዝቅ ያለውን ታስገባላችሁ። ጂግለር በሽቦ የሚጎረጉር መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን አስነሥታችሁ ውጡ። ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ቁጥሩ ውሸት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስተካክለው የለም።

አሁን ወደ ሞተሩ ልግባ፤ እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው።

ዲኤክስ ቫልቭ ሲያንኳኳ ነገሩ ቀላል ነው። ኮፋኖው ይከፈታል፣ የቫልቩ ክዳን ይነሣል፣ ክፍተቱ በቀጭን የብረት ምላስ ይለካል፣ በቁልፍና በካቻቢቴ ይስተካከላል። ቡናው በረካ ሳይደርስ ሥራው ያልቃል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን የማይችል መካኒክ አላውቅም።

ስፓይደሩ ላይ የሚዞር ብሎን የለም። በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ሳንቲም የምታህል ክብ ብረት ተቀምጣለች። ክፍተቱ ከጠበበ ሳሳ ያለች፣ ከሰፋ ወፈር ያለች ትተካለች። የላምፕሬዲ ብልሃት ካምሻፍቱ ሳይወርድ ብረቷ እንድትወጣ ማድረጉ ነው። ብልሃቱ የሚሠራው ግን የተለያየ ውፍረት ያላቸው ብረቶች በሣጥን ላለው ሰው ነው። እኛ ጋ የለም።

ዓባይ ማዶ በወጣትነታቸው ፊያት ላይ የሠሩ አንድ አሮጌ መካኒክ አሉ። መኪናውን ስወስድላቸው ለወራት ይዞብኝ የሚቆይ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ጋዜጣ ዘረጉ። ስምንቱን ብረቶች አንድ በአንድ አውጥተው እንደየተራቸው ደረደሯቸው። እያንዳንዷን በማይክሮሜትር ለኩና አጠገቧ ጋዜጣው ላይ በእርሳስ ጻፉ። እጄን ሰደድ ሳደርግ፣ "አንተ ልጅ፣ ይሄን ጋዜጣ እንዳትነካው። አንዷ ከቦታዋ ከተነሣች እንደ አዲስ ነው" አሉኝ። ከዚያ ሂሳብ ውስጥ ገቡ። የሦስተኛው ቫልቭ ለስድስተኛው ይሆናል፣ የስድስተኛው ለመጀመሪያው። እንዲህ እያቀያየሩ አብዛኛውን ጨረሱ። የትም ያልገጠሙትን ብረት ደህና አድርጎ የሚልግ ማሽን ወዳለው ቶርኖ ቤት ላኩኝ፤ የሚሳሳው ካምሻፍቱ የሚያሸው ፊት ሳይሆን የታችኛው ፊት እንዲሆን ደጋግመው አስጠንቅቀው። ማታ ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር።

ከውጭ የመጣ አንድም ዕቃ አልገባበትም። የተፈራው ሞተር የዳነው በጋዜጣ፣ በእርሳስና በቶርኖ ነው።

ሞተሩ ላይ ማስጠንቀቂያ የምሰጠው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ቺንጊያው። የዲኤክስ ካምሻፍት በካቴና ነው የሚዞረው። ካቴና ሲላላ ይንጫጫል፤ ቀድሞ ይነግራችኋል። የስፓይደሩ የላስቲክ ቺንጊያ ነው። ላስቲክ ደግሞ ምንም ሳይናገር ይበጠሳል። ቺንጊያው ሲበጠስ ካምሻፍቱ ቆሞ ፒስተኑ ይቀጥላል። ቫልቭና ፒስተን ከተጋጩ ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ለጥገና ይወርዳል። ሻጭ "ብዙም አልተነዳም፣ ቆሞ ነው የኖረው" ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። መቼ እንደተቀየረ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ፣ ረጅም መንገድ ሳትሄዱ ቀይሩት።

ስለ መለዋወጫ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ላዳ ከፊያት 124 ሴዳን የተወለደ መኪና ነው። ሶቪየቶች በ1970 ቶልያቲ ላይ መሥራት ሲጀምሩ መነሻቸው ይኸው ፊያት ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባ የላዳ ታክሲዎች ለስፓይደሩ የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። የቸርኬው የብሎን አቀማመጥ አንድ ነው፤ አራት ብሎን፣ 98 ሚሊ ሜትር። ግን በዘመድነቱ ብዙ አትመኩ። የላዳ ሞተር ሌላ ነው፤ የኋላ ፍሬኑም ታምቡር ነው፣ የስፓይደሩ ዲስክ። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የሞተውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል "የፊያት ስጠኝ" አይሠራም። ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጡና ጎን ለጎን አስተያዩ።

ያ የኋላ ፍሬን ነው እኔን ያስለቀሰኝ። ክረምቱን ቆሞ ከርሞ መስከረም ላይ ስነዳው ግራው የኋላ ጎማ ጋለ። የዲስኩ ፒስተን ዝጎ ነክሷል። የሚያስፈልገው መዳፍ የማይሞላ የላስቲክ ኪት ነው። እዚህ የለም፣ አዲስ አበባም አልተገኘም። ጣሊያን ያለች የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። እስከዚያ መኪናው በአራት ድንጋይ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ዲኤክሱ የኋላ ፍሬኑ ዘይት ሲያፈስ ግን ዕቃውን ጠዋት ከገበያ ገዛሁ፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣሁበት።

ይሄም ቢሆን በጊዜ የሚፈታ ነገር ነው። የማይፈታው አካሉ ነው። በዳንግላ መንገድ ላይ ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ያስፈነጠረው ድንጋይ የዲኤክሱን የፊት መስታወት ሰነጠቀው። ደወልኩ፣ ከሶማሌ ተራ ተገኘ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ፣ ተገጠመ። የስፓይደሩ የፊት መስታወት ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አለች። እሷን እያየሁ ነው የምነዳው። መስታወቱ ጎባጣ ስለሆነ መስታወት ቤት ሄዶ ማስቆረጥ አይቻልም። የበር ላስቲኩም፣ የኋላ መብራት ክዳኑም፣ የመስኮት ማንሻውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ስፖርት መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ባይነሣም ብዙ አትደንግጡ። ዕቃው ጎዶሎ ከሆነ ግን ደንግጡ። ሻጩ "እሱን በቀላሉ ታገኘዋለህ" ካላችሁ፣ "እንግዲያው አንተ አግኝና እኔ ልግዛ" በሉት።

ዝገቱም የአካል ጉዳይ ነው። ጣና ጨው የለውም፤ እንደ ምጽዋና ጅቡቲ ብረት አይበላም። የእኛ ጠላት ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መኪናው ከሥሩ አይደርቅም። ሸራ ጣሪያ ላይ አንድ ስፌት ከለቀቀ ውኃው ምንጣፉ ሥር ይተኛል፤ ላዩ ደረቅ ነው፣ ታቹ ይበሰብሳል። ስታዩ ምንጣፉን ግለጡ። ከበሩ በታች ያለውን ጫፍና ክሪክ የሚገባበትን ቦታ በጣት ተጫኑ። ስፓይደር ከሆነ ኮፋኖውን ክፈቱና የፊት አሞርዛተር ከላይ የታሰረበትን ላሜራ እዩ፤ ይህ መኪና በዚያ ቦታ ዝገት የታወቀ ነው። ዲኤክስ ከሆነ የባትሪውን መቀመጫና የኋላ ጎማ ቅስቱን። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ዝገት በተሞላበት ስቱኮ ላይ ይንሸራተታል። ቀለሙ በጣም ካማረ ማግኔቱን ደጋግሙት።

መንገድ ላይ እንዴት ናቸው? ዲኤክሱ አንዴ ሐሙሲት አካባቢ ቆመብኝ። የቤንዚን ፖምፓው ነበር። አንድ ልጅ ከባጃጅ ጥገና ቤት መጥቶ ፈታው፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ መቀደዱን አሳየኝ። ከተማው ውስጥ ከተጣለ ሌላ ዲኤክስ ፖምፓ አምጥቶ ገጠመልኝ። ወረታ ደርሼ ምሳዬን በላሁ። ስፓይደሩ ሐሙሲት ላይ ቢቆም ኖሮ በጭነት መኪና ነበር የሚመለሰው። ለዚህ ነው በእሱ ጎንደርን የማልሞክረው።

ከተማ ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። በስፓይደሩ ለመደሰት ፍጥነት አያስፈልግም። መሬት ላይ ስለተቀመጣችሁ 50 የ100 ያህል ይሰማችኋል። ሸራው ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ በአንድ እጅ ወደ ኋላ ይታጠፋል። መሪው ከባድ ነው ግን መንገዱን በትክክል ይነግራችኋል። ዘንባባ በተተከለበት መንገድ ወርዳችሁ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስትሻገሩ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊታችሁ ላይ ነው። ባጃጆች ግራና ቀኝ ይከቧችኋል። አንዱ ሾፌር መብራት ላይ ጎኔ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ጣሪያው የት ሄደ?" አለኝ። "ለሥራ ወጥቷል" አልኩት። ዲኤክስ ስነዳ ማንም አናግሮኝ አያውቅም።

ኮብልስቶንና ጉብታ ግን የስፓይደር ጠላት ናቸው። ሆዱ ዝቅ ያለ ነው። በየሰፈሩ የተሠሩትን ጉብታዎች በሰያፍ ነው የማልፋቸው፤ ያም ሆኖ ማርሚታው አልፎ አልፎ ይላጫል። ዲኤክሱ ዝም ብሎ ያልፋል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። በእኛ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ያለው ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ግፊቱ ይወጣል፤ ገበያው ጋ መንገድ ተዘግቶ ስትቆሙ እንፋሎት ይነሣል። የሁለቱም ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ከጋለ ይጣመማል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው። መኪና እንደገዛችሁ መጀመሪያ የምትቀይሩት እሱ ይሁን። ቀጥሎ የቤንዚን ቱቦዎቹን። የደረቀ ቱቦ ከጋለ ሞተር በላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ አይቻለሁ፤ እሳት ማጥፊያም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ውስጥ አለ።

ቤንዚን ላይ ብዙ ልዩነት የለም። ስፓይደሩ ትንሽ ይበላል፣ ግን ብዙ ስለማይወጣ አይታወቅም። ወረፋው ለሁለቱም እኩል ነው። መንገድ ዳር በፕላስቲክ የሚሸጠውን ግን ለስፓይደሩ አልሰጠውም። ዲኤክስ እየሳለም ቢሆን ቤት ያደርሳል፤ ዌበር ትንሽ ቆሻሻና ውኃ ከገባበት ዝም ይላል። ከካርቡሬተሩ በፊት ውስጡ የሚታይ ማጣሪያ ግጠሙ፤ ቆሻሻውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ዋጋ ላይ ደግሞ "ዲኤክስ የድሃ መኪና ነው" የሚባለው ቀርቷል። ያገለገለ መኪና ላይ የተጣለው ቀረጥ ከፍ ካለ፣ በእኛ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የቆየ መኪና ሁሉ ዋጋውን ይዟል። ዲኤክስ ዛሬ ገዝታችሁ ነገ ብትሸጡት ገንዘባችሁ አይጠፋም። ስፓይደር ግን ገበያ የለውም። የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ልትጠብቁ ነው፤ ያ ሰው ከመጣ ያላሰባችሁትን ይከፍላል፣ ካልመጣ ግቢ ውስጥ ይቆማል። የኢንሹራንስ ነገርም አስቡበት። ሦስተኛ ወገን ለሁለቱም ያው ነው። ለስፓይደሩ ሙሉ ሽፋን ስጠይቅ ግን ዋጋውን የሚገምትልኝ ጠፋ፤ "ያለቀ መኪና" ብለው የጻፉልኝን ወረቀት ለአጎቴ አላሳየሁትም።

ገንዘብ ሳትከፍሉ ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። የድሮ መኪና በዕድሜው ሞተር ሊቀየርለት ይችላል፤ ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልገባ ግን ቦሎ ስታድሱ ያስቸግራችኋል። የሻንሲ ቁጥሩ በቀለም ወይም በዝገት ከተሸፈነ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዞ ማጽዳት ነው፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም።

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ሽምብጥ አካባቢ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ ፊያት ኩፔ አይቶ ልቡ ተሰቅሏል። ሞተሩ አይነሣም፣ ባለቤቱም በዚህ ምክንያት ዋጋውን ዝቅ አድርጓል። እኔ የጠየቅኩት መስታወቶቹ ሁሉ እንዳሉ ነው። አሉ አለኝ፤ የኋላ መብራቶቹም። ቅዳሜ ጠዋት ማግኔቱንና የእጅ ባትሪውን ይዘን በዲኤክሱ እንሄዳለን።